የገጠር ሶላር ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፦ አራት አማራጮች፣ ብዙ ፊርማዎች

ገጠር ላይ የሶላር ሥራ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፓነል ዋጋ ነው። ቀጥሎ ባትሪ። ስለ ፀሐይ የሚጠይቅ የለም፤ እሷ እንደማትጠፋ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሥራ ግን የሚቆመው በፓነልም በባትሪም አይደለም። ወረዳ ላይ ነው። ወይም ጉምሩክ። ወይም ባንክ መስኮት ሥር።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ዕቃ ሳይሆን የሥራ ዓይነት ነው። አራት ናቸው፦ የቤት ሶላር መሸጥ፣ ለአንድ መንደር ሚኒ-ግሪድ (ከዋናው መስመር የተለየ ትንሽ የመብራት መረብ) መዘርጋት፣ ለመስኖ የሶላር ፓምፕ ማቅረብ፣ ትልቅ ጣቢያ ገንብቶ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መሸጥ። የምመዝናቸው በሁለት ጥያቄ ነው። ስንት ሰው እምቢ ሊለኝ ይችላል? እምቢ ቢሉኝስ ዕቃዬን ነቅዬ መውጣት እችላለሁ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። ለኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል።

"ተፈቅዷል" ሲሏችሁ "በምን?" በሉ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አንድ ልማድ ያዙ። አገራችን ውስጥ ሁሉም ወረቀት እኩል አይከብድም። አዋጅ የሚወጣው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት። መመሪያ ከአንድ መሥሪያ ቤት። ከዚያ በታች ደብዳቤ አለ፤ ከደብዳቤም በታች "ከላይ ተነግሮናል" የሚባል ነገር አለ። የሥራችሁ ትርፍ የቆመው በደብዳቤ ላይ ከሆነ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሲነሳ ትርፉም አብሮ ሊነሳ ይችላል።

ለምሳሌ ኢነርጂውን የሚገዛው ዋናው ሕግ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው፤ በ1085/2010 ተሻሽሏል። ይሄ ጠንካራ ወረቀት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን አዋጁ ሲወጣ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የሚኒ-ግሪድ ጉዳይ ደግሞ በዋናነት የተዘረዘረው በመመሪያ ነው። መመሪያ ከአዋጅ ይልቅ በቀላሉ ይቀየራል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የሃያ ዓመት ሥራ በምን ላይ እንደቆመ እወቁ ነው የምለው።

አዋጅ ስለሆነም አይነካም ማለት አይደለም። ኬንያን እዩ። የሶላር ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ሕጉ ታክሱን መለሰው። በዓመቱ ደግሞ ነጻ አደረጉት። በመሀል ዕቃ ያስገባ ነጋዴ ከፍሎ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሦስት ወር የሚሸጥ ዕቃ መጋዘን ያለው ሰው ይተነፍሳል፤ ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ያከማቸ ሰው አይተነፍስም።

የቤት ሶላር፦ ትንሽ ፊርማ፣ ብዙ ዶላር

ይሄኛው መሬት አይፈልግም። ምሰሶ አይፈልግም። ታሪፍ አስጸድቁ የሚላችሁ የለም። የንግድ ፈቃድ፣ የጥራት ማረጋገጫ፣ ጉምሩክ፣ ከዚያ ገበያ። ወረዳው የሚያውቃችሁ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ነው። አንድ ወረዳ ቢከብዳችሁ ዕቃውን ጭናችሁ ሌላ ወረዳ ትሄዳላችሁ።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አሁን በዱቤ የሚሸጠውን ነጋዴ አስቡት። ለገበሬው መብራቱን በሁለት ዓመት ክፍያ ሰጥቷል፤ ዋጋው በድሮው ብር ተቆርጧል። ገበሬው በታማኝነት በየወሩ ይከፍላል። ነጋዴው የሰበሰበውን ይዞ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ግን የገዛውን ግማሽ ያህል ብቻ ይገዛለታል። ማንም አላጭበረበረውም፤ ሁሉም ቃሉን ጠብቋል። ነጋዴው ግን ከስሯል። ስለዚህ የቤት ሶላር የምትመርጡ ከሆነ የዱቤውን ዘመን አሳጥሩ፤ ወይም ዱቤውን ማይክሮፋይናንስ ይስጥ፣ እናንተ በእጅ ሽጡ።

ሁለተኛው አደጋ ኔትወርክ ነው። ይሄን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም፣ ግን ትልቅ ነገር ነው። በየወሩ እየተከፈለ የሚሠራ ሶላር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ሲም ካርድ አለው፤ ክፍያ መግባቱን ከኔትወርክ ያረጋግጥና መብራቱን ይከፍታል። ሌላኛው የቁጥር መምቻ አለው፤ ደንበኛው ከፍሎ የሚሰጠውን ኮድ ራሱ ያስገባል። ኔትወርክ በፖለቲካ ምክንያት ሲዘጋ የመጀመሪያው ይቆለፋል። ደንበኛው መክፈል ፈልጎ መክፈል አልቻለም፤ ቤቱ ግን ጨለመ። ማንን ይረግማል? እናንተን። ትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር በ2013፣ አማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 በኋላ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ሁለተኛው ዓይነት ግን ኮዱ በስልክ ባይመጣ እንኳ ወኪሉ በወረቀት ጽፎ ገበያ ቀን ሊያድለው ይችላል። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ሳላቅማማ የቁጥር መምቻውን እወስዳለሁ።

ነጻ ዕደላም አለ። አንድ ድርጅት ወይም ፕሮጀክት መንደሩ ገብቶ መብራት በነጻ ካደለ፣ በሚቀጥለው ቀን በዱቤ የምትሸጡት እናንተ እንደ ቀማኛ ትታያላችሁ። ወረዳው የሴቶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ማን ምን ሊያድል እንዳቀደ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ያውቃሉ። ደብቀውም አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።

ሚኒ-ግሪድ፦ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ሰው ሁሉ የሚፈርምበት

ልብ የሚነካው ይሄኛው ነው። አንድ መንደር ሙሉ ይበራል። ወፍጮው ይዞራል። ሪፖርት ላይ ፎቶው ያምራል። ከአራቱ አማራጮች እምቢ ማለት የሚችለው ሰው የበዛውም እዚሁ ነው። መሠረት ቆፍራችሁ ቆማችኋልና መንቀልም ከባድ ነው።

ከመሬት እንጀምር። 100 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሩብ ሄክታር ገደማ ይበቃዋል። ትንሽ ነው። ግን ይቺ ሩብ ሄክታር የማን ናት? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የሚጠቀመው ገበሬው ነው። ላይኛው ማዕቀፍ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከክልል ክልል ይለያያል። ኦሮሚያ በ1999 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው ከግማሽ በላይ ማከራየት አይችልም፤ ዘመኑም ለባህላዊ እርሻ 3 ዓመት፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለሚጠቀም 15 ዓመት ነበር። አማራ ክልል በ1998 ያወጣው ደግሞ እስከ 25 ዓመት ይፈቅድ ነበር። ተመሳሳይ ፓነል፣ ተመሳሳይ መንደር፣ ግን አንዱ ጋ ብድራችሁን ከፍላችሁ ሳትጨርሱ ውሉ ያልቃል። ዛሬ የሚሠራበትን ሕግ ከክልሉ መሬት ቢሮ ጠይቃችሁ በወረቀት ውሰዱ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት። ባለይዞታዎቹ ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም አለበት። ባልየው ብቻውን ቢፈርም ውሉ እንከን አለው። ሚስትየው ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄድ ትረታችኋለች፤ መርታትም ይገባታል። ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ተነቦላቸው፣ ይፈርሙ። የወል ግጦሽ መሬት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቀበሌው ማኅተም ቢመታም፣ ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው ሰው ካልተስማማ አጥሩ ሌሊት ይፈርሳል።

ቀጥሎ ታሪፍ። ይሄ የፖለቲካው እምብርት ነው። የመብራት አገልግሎት ዋጋ ለዓመታት ከወጪው በታች ነበር፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል፤ አሁንም ቢሆን ግን በባትሪ የሚሠራ ሚኒ-ግሪድ በዚያ ዋጋ መቼም አይሸጥም። ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። መመሪያው ወጪን የሚመልስ ታሪፍ ይፈቅዳል እንበል። ገበሬው ግን መመሪያ አያነብም። አጎቱ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚከፍል ነው የሚያውቀው። "እኛ ከሰው በታች ነን ወይ?" ብሎ ስብሰባ ላይ ይነሳል። የወረዳው አስተዳዳሪ ያንን ጥያቄ ሰምቶ ከናንተ ጎን የሚቆምበት ምክንያት የለውም።

ታንዛኒያ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ሚኒ-ግሪድ ለሚያለማ የግል ባለሀብት በአፍሪካ ከቀደሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ተቆጣጣሪው ወጪን የሚመልስ ታሪፍ ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን መንግሥት የገጠሩ ሰው እንደ ከተሜው በኪሎዋት ሰዓት 100 ሺሊንግ ይክፈል አለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለችው የኡካራ ደሴት ጉዳይ በዚያን ጊዜ ብዙ ተወርቶበታል። ሕዝቡ ደስ አለው፤ እውነቱንም ነው። ባለሀብቱ ግን በዚያ ዋጋ ባትሪ አይቀይርም። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የታሪፍ ልዩነቱን የሚደጉም አካል በውል ካልተጻፈ፣ ታሪፉ ጸድቋል የሚለው ወረቀት እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ሦስተኛው፦ ዋናው መስመር ቢመጣስ? በ2011 የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባለ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ዕቅዱ ካርታ አለው። መንደራችሁ በካርታው ላይ የት እንዳለ እዩ። ግን በካርታው ብቻ አትመኑ። መስመር የሚዘረጋው በኢንጂነር ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ተወላጅ ባለሥልጣን ስልክ ሲያነሳም ይዘረጋል። እናንተ ከተከላችሁ በሦስተኛው ዓመት መንገዱ ዳር የእንጨት ምሰሶ ተከምሮ ብታዩ አትደነቁ። በዚያን ቀን ምን እንደሚሆን ፈቃዱና ውሉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ የናንተን መስመር ማን ይገዛል፣ በምን ስሌት፣ በስንት ወር ውስጥ ይከፈላል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ባለው የሚኒ-ግሪድ ደንቧ ለዚህ ካሳ አስቀምጣለች። የናንተ ውል "በስምምነት ይታያል" ካለ አልተጻፈም ማለት ነው።

አራተኛው ለየት ያለ የኛ አገር ጉዳይ ነው። ክልሉ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ በ2014። የቀድሞው ደቡብ ክልል በ2015 መጨረሻ ፈርሶ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ከሐዋሳ የተጻፈላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አሁን የሚመለከተው ቢሮ ሌላ ከተማ ነው። አዲሶቹ ክልሎች ቢሮዎቻቸውን በተለያዩ ከተሞች አከፋፍለዋል፤ ደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራትና ጂንካ ላይ ተቀምጧል። የመሬቱ ቢሮ አንድ ከተማ፣ የኢነርጂው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ፍለጋ ስትደርሱ ደግሞ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ይሏችኋል። ይሄን ጊዜ በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ቀልድ አይደለም፤ የነዳጅና የአበል ወጪ ነው።

እንዲህ ብዬ ሚኒ-ግሪድ አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ዕርዳታ ወይም ረጅም ዘመን ያለው ርካሽ ብድር የያዘ፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር በስምምነት የሚሠራ ድርጅት ይሥራው። የዓለም ባንክ 500 ሚሊዮን ዶላር የመደበለት፣ አዴሌ የተባለው የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጸድቅ እንዲህ ያለውን ሥራ መደገፍ አንዱ ዓላማው ነበር። የራሱን ቤት ሸጦ የሚገባ ሰው ግን አይግባበት።

የሶላር ፓምፕ

አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ነገሩም አጭር ነው። ፓምፕ የቤት ሶላር ወንድም ነው፣ ውሃ የተጨመረበት። ገበሬው የናፍጣ ዋጋ ስላስመረረው ለመግዛት ዝግጁ ነው። መሬቱም የራሱ ነው። ታሪፍ የለም። ፓምፑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል።

የሚጨመረው ጥያቄ ውሃው ነው። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ግን ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ በትንሽ ፓምፕ ጓሮውን ቢያጠጣ ማንም አይነካውም። ሃያ ገበሬ አንድ ወንዝ ዳር ቢደረደር ግን ከታች ያለው ቀበሌ ውሃው ቀነሰብኝ ብሎ ይመጣል። የውሃ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ሕግ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት የታችኛውን ቀበሌ ሰዎች አነጋግሩ። የላይኞቹን ብቻ አይደለም።

ሌላው እንቅፋት መንግሥት ራሱ ነው፦ ፓምፕ በድጎማ ሊያከፋፍል ካቀደ ገበሬው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። "ይመጣል ተብሏል" የሚለው ወሬ ብቻ ወቅቱን ሙሉ ገበያችሁን ሊያቆመው ይችላል።

ትልቁ ጣቢያ፦ አንድ ገዥ፣ ያውም መንግሥት

እዚህ ላይ የወረዳው ሰው ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ገዥው ነው። ኃይሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ነው፤ እሱ ካልከፈለ ሌላ ደንበኛ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳውዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ 250 ሜጋዋት ለመገንባት ጨረታ አሸነፈ። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአፍሪካ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2017 በጣሊያኑ ኤኔል የሚመራ ጥምረት ለመተሐራ 100 ሜጋዋት ተመርጦ ነበር። ሁለቱም ወደ ግንባታ ሳይገቡ ቀሩ። እነዚህ ጠበቃ ያጡ ድርጅቶች አይደሉም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ ገቢው በብር፣ ብድሩ በዶላር፣ መለወጫውን ማን ይሸከማል? አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 የዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ የተሸጠ የመንግሥት ቦንድ) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ስትቀር ይሄ ጥያቄ የበለጠ ከበደ።

መሬቱም ቀላል አይደለም። ለ100 ሜጋዋት 200 ሄክታር ገደማ ይሄዳል። አርብቶ አደር አካባቢ "ባዶ መሬት" የሚባል የለም፤ ወይ የክረምት ግጦሽ ነው ወይ ወደ ውሃ መሄጃ መንገድ። ኬንያ ውስጥ 310 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት የ150,000 ኤከር መሬቱ አሰጣጥ ሕግን የተከተለ አልነበረም አለ። ጣቢያው ቆሞ፣ እየሠራ፣ ሰነዱ ተናጋ። እኛ ጋ "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ይባላል። እንደዚያ ብሎ ከጎሳ ሽማግሌው ጋር ሳይነጋገር በክልል ማኅተም ብቻ የሚገባ ሰው አለ። ኋላ ላይ የሚከሰሰው ንጉሡ አይደለም፤ እሱ ነው።

ዳያስፖራ ከሆናችሁ

ዋሽንግተን ላይ እቁብ የጀመሩ ጓደኛሞች ወደ ሶላር ሲያስቡ የሚገጥማቸው የመጀመሪያ ምርጫ በምን ስም ይገባሉ የሚለው ነው። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ያስፈልገዋል። ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቁጠር ማለት ይችላል፤ ዝቅተኛው ካፒታል አይመለከተውም። ትርፍን በውጭ ምንዛሪ የማውጣት መብት ግን ሕጉ የሚሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ሁለቱን አብሮ መብላት አይቻልም። ገንዘቡ መልሶ አሜሪካ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ቢጫ ካርዱን ከማሳየታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ። ጂዳና ዱባይ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ስለሆነ ይሄ አይመለከታችሁም፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ገንዘቡን በባንክ አስገብታችሁ ደረሰኙን መያዝ ነው።

እና የቱን ልምረጥ?

ገንዘቡ የራሳችሁ ከሆነና ትንሽ ከሆነ፣ ፓምፕ። የናፍጣ ገበያው ስላለ፣ ተነቃይም ስለሆነ። ሰላሙ ይበልጥ አስተማማኝ በሆነና አትክልት በሚመረትበት አካባቢ ጀምሩ። መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ጥሩ ምርጫ የቤት ሶላር ነው፤ በጥቂት ካርቶን ገብቶ በጥቂት ካርቶን ይወጣል። ሚኒ-ግሪድ ዕርዳታ ላለው። ትልቁ ጣቢያ የመንግሥት ዋስትናና የውጭ ምንዛሪ አከፋፈሉ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ ለማንም አልመክርም።

የቱንም ብትመርጡ ግን ከመወሰናችሁ በፊት ወረዳው ላይ አንድ ቀን ዋሉ። የገበያ ቀን ይሁን። ጠዋት የመሬት ጽሕፈት ቤቱን፣ የውሃና ኢነርጂውን፣ የገቢዎችን። ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከኔ በፊት የመጣው ባለሀብት ምን ሆነ? ስለ ሕጉ ብትጠይቁ ሕጉን ያነቡላችኋል፤ ስለ ሰውየው ብትጠይቁ እውነቱን ያወሯችኋል። ከሰዓት ገበያው ውስጥ ሞባይል ቻርጅ የሚያደርግ ልጅ ፈልጉ። ሶላሩን ከየት እንዳመጣ፣ ግብር ስንት እንደሚከፍል፣ ማን መጥቶ "ይሄን አንሳ" እንዳለው ጠይቁት። ከቢሮዎቹ ያገኛችሁትና ከልጁ ያገኛችሁት መልስ የሚጋጭ ከሆነ፣ የልጁን ያዙና በማግስቱ ሌላኛው ወረዳ ሂዱ።